ጓዳ የሚያስተምረው ሃይማኖት

ወላጆች በተገናኙበት ሁሉ የማይቀር ወሬ አለ። ልቅሶ ቤት ይሁን ሰርግ ቤት፣ የጽዋ ማኅበር ይሁን የቤት ለቤት ጸሎት፣ ሁለተኛው ቡና ሳይደርስ እሱ ይደርሳል። «ልጆቹ ሃይማኖታችንን አልያዙልንም!» ኦርቶዶክሱ ይለዋል፤ ፕሮቴስታንቱ ይለዋል፤ ካቶሊኩም ይለዋል። ስንት ዘመን በዶግማ ሲከራከሩ የኖሩ ሰዎች በዚህች ምሬት ላይ አንድ ቃል ናቸው።

ጥፋተኛውም ወዲያው ይገኛል። ስልኩ ነው፣ ዩኒቨርሲቲው ነው፣ ፈረንጁ ነው፣ ዘመኑ ነው። መድኃኒቱም የታወቀ ነው፤ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ይጠናከር፣ የልጆች መዝሙር ይውጣ፣ ሌላ የቴሌቪዥን ጣቢያ ይከፈት። እኔ ይህን ሁሉ አልቃወምም። ግን አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። ከጥፋተኞቹ ዝርዝር ውስጥ ቤቱ የለበትም። ልጁ የበላበት፣ የተኛበት፣ አባቱ ሲቆጣና እናቱ ስትጸልይ የሰማበት ቤት ሳይጠየቅ በነፃ ተሰናብቷል።

እኔ የሥነ ጽሑፍ መምህር ነበርሁ እንጂ የነገረ መለኮት ሰው አይደለሁም። ሙያዬ ያስተማረኝ አንድ ነገር ቢኖር ሰዎች የሚናገሩትንና የሚያደርጉትን ጎን ለጎን አድርጎ ማየት ነው። ጥሩ ልብ ወለድ የሚበቅለው በሁለቱ መካከል ካለው ስንጥቅ ውስጥ ነውና። ልጆች ደግሞ ማንም ሳያስተምራቸው ያቺን ስንጥቅ ያዩዋታል። ስለዚህ የዛሬው ጥያቄዬ እንዲህ ነው፤ አንድ ቤት ለልጁ የሚያወርሰው ሃይማኖት የቱ ነው? አፍ የሚናገረው ነው ወይስ ጓዳ የሚሠራው? መልሱን ፍለጋ አንባቢዬን የምወስደው ብዙ ሰው ወደማይጠብቀው ቦታ፣ ወደ አሶሳና ወደ ቤንሻንጉል ጉሙዝ ምድር ነው። የደጋው ክርስቲያን ጓዳ ታሪክ ከዚያ ምድር ታሪክ ጋር የተቆራኘ ስለሆነ ነው።

መጀመሪያ ግን ለአሮጌው ቤት የሚገባውን ክብር እንስጠው። በደጋው ክርስቲያን ቤት ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ፤ የክርስትና አባት ወይም እናት ይቆምላቸዋል። ቤተሰቡ የንስሐ አባት አለው፤ እኒያ ቄስ ብቅ እያሉ ጸበል ይረጫሉ፣ ልጆቹን መስቀል ያሳልማሉ። ፊደል የሚቆጠረው ከየኔታ ዘንድ ነው። ሀሁ፣ ቀጥሎ አቡጊዳ፣ ከዚያ የዮሐንስ መልእክት፣ ውሎ አድሮ ወንጌልና ዳዊት። የቀረውን ማንም ተቀምጦ አያስተምረውም፤ ቤቱ ራሱ ያስተምረዋል። ዓርብ ቀን ድስቱ ለምን ሽሮ ብቻ እንደሚሸት፣ በማርያም ዝክር ዕለት ነዳያን ለምን ደጃፍ ላይ እንደሚሰበሰቡ፣ አያት ከመተኛታቸው በፊት ለምን በአራቱም ማዕዘን እንደሚያማትቡ ልጁ በዓይኑና በአፍንጫው ያጠናዋል። ይህን የመሰለ ትምህርት ቤት በቀላሉ የሚገኝ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ልጁ ፊደል ከለየ በኋላ ንባብ የሚጀምርበት ያ የዮሐንስ መልእክት ስለ ምን የሚናገር ነው? ያየውን ወንድሙን እየጠላ ያላየውን እግዚአብሔርን እወዳለሁ የሚል ሰው ሐሰተኛ ነው የሚል መልእክት ነውኮ! አባቶች ለሕፃን የመጀመሪያ ንባብ ይህን መምረጣቸው ያስደንቃል። ችግሩ ንባቡ በግእዝ ነው፤ ልጁ ዜማውን እንጂ ትርጉሙን አይሰማም። የጓዳው ትምህርት ግን በአማርኛ ነበር።

* * *

የአዲስ አበባ ሰው ሸጎሌ ሲባል ትዝ የሚለው የከብት ገበያው ነው። ስሙ ግን የሰው ስም ነው፤ ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን። በከተሜ አፍ ተቀላጥፎ ነው «ሸጎሌ» የሆነው። እኒህ ሰው የአሶሳ አካባቢ ገዥ ነበሩ። በ1890 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ትእዛዝ ራስ መኮንን ወደ ቤንሻንጉል ሲዘምቱ የበርታ ሼሆች ተሸነፉ፤ ሼህ ሆጀሌም ተይዘው ወደ አዲስ አበባ መጡ። ከዓመታት በኋላ ተመልሰው እስከ ጣሊያን ወረራ ዘመን ድረስ አሶሳን በማዕከላዊው መንግሥት ሥር አስተዳደሩ። በ1902 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ጋር በተፈረመው የድንበር ውል ምድሩ የኢትዮጵያ ግዛት መሆኑ ጸና። አሶሳ ለማዕከል የምትገብረው ወርቅ ነበር። ባሪያም ነበር።

ነገሩ በምኒልክ የተጀመረ አይደለም። የጎንደር ነገሥታት ዜና መዋዕል ወደ ምዕራቡ ቆላ የተደረጉትን ዘመቻዎች ከነምርኮው ይዘግባል። በዓባይ ሸለቆ ግራና ቀኝ የሚኖሩት ጉሙዞችና በአሶሳ ዙሪያ ያሉት በርታዎች ለብዙ መቶ ዓመታት ከደጋም ከሱዳንም ሲታደኑ ኖረዋል። ንግዱ ራሱ ሃይማኖት አልነበረውም፤ ሙስሊም ሼህ ይሸጣል፣ ክርስቲያን ባላባት ይገዛል፣ አንዳንዴም ተገላቢጦሽ ነው። የሼህ ሆጀሌ ሚስት ሲት አምና በዚሁ ንግድ በ1928 እ.ኤ.አ. በሱዳን ባለሥልጣኖች ተይዘው ነበር። እኔ ዛሬ የምጽፈው ስለ ነጋዴው አይደለም። የተሸጠው ሰው ስለሚገባበት ቤት ነው።

ደገኛው ያንን የቆላ ሰው፣ ጉሙዙንም በርታውንም ሳይለይ፣ «ሻንቅላ» አለው። ሕዝቡ ራሱን እንዲያ ብሎ አይጠራም፤ ቃሉ የአዳኙ ቃል ነው። ሰውየው ወይም ሴትዮዋ ወደ ባለጸጋው ግቢ ሲገቡ ቦታቸው ጓዳ ነው፤ ውሃ መቅዳት፣ እንጨት መስበር፣ እህል መፍጨት፣ ሕፃን ማዘል። አዎ፣ ሕፃን ማዘል። እልፍኝ ውስጥ አቡነ ዘበሰማያት የሚማረው ልጅ በጓዳ በኩል በዚያች ሴት ጀርባ ላይ ታዝሎ ያድግ ነበር።

አሁን እስቲ ያንን ልጅ እንሁን። አባቱ «ገብረ ሥላሴ» ይባላል እንበል። «ገብር» በግእዝ ባሪያ ማለት ነው። እናቱ «አመተ ማርያም» ትባላለች፤ «አመት»ም ሴት ባሪያ ናት። የቤቱ ጌቶች በክርስትና ስማቸው ባሪያዎች ነን ብለው ለዓለም አውጀዋል! እነሱ ግን ጓዳ ያለችውን ሴት «አንቺ ባሪያ» ብለው ይጠራሉ። በየዓመቱ ሰኔ 24 ቀን ስንክሳሩ ሙሴ ጸሊምን ያነሣል፤ ባሪያ የነበረ፣ ሽፍታም የነበረ፣ ኋላ መንኩሶ ለቅድስና የበቃ ጥቁር ሰው። የቤቱ ጌታ ስሙ ሲነበብ ሰግዶ ይሰማል፤ ቤቱ ሲመለስ ያው ጌታ ነው።

ብዙዎቹ ባሪያዎች ክርስትና ይነሡ ነበር። የክርስትና ስም ይወጣላቸዋል፣ ይጾማሉ፣ ያስቀድሳሉ። ፍትሐ ነገሥቱም ሰው በተፈጥሮው ነፃ መሆኑን፣ ባርነት ከጦርነት የመጣ ነገር መሆኑን ይናገራል፤ ባሪያ ነፃ ማውጣትንም ያመሰግናል። ባርነቱን ግን አላስቀረውም። ታዲያ ልጁ ምን ተማረ? ሁለት ትምህርት በአንድ ጊዜ ተማረ። አንደኛው ሁላችን የአንድ አባት ልጆች ነን የሚል ነው። ሁለተኛው ይህ ነገር ከእልፍኝ አያልፍም የሚል ነው። የመጀመሪያውን በቃል አጠናው፤ ሁለተኛውን ኖረው። የትኛው ሥር እንደሚሰድ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ሕጉ ቀስ እያለ መጣ። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን፣ በዚያው ዓመት ባርነትን ደረጃ በደረጃ የሚያስቀር አዋጅ ወጣ፤ ፍጻሜው የመጣው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. አዋጅ ነው። አዋጁ ሰውየውን ከጓዳ አወጣው። ቃሉን ግን ከቤቱ አፍ ማውጣት የአዋጅ ሥራ አይደለም። እኔ ያደግሁት ከዚያ አዋጅ ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው፤ በሰፈራችን ግን ያ የአዳኝ ቃል ሲያዳምጡት ቁጣ ሳይሆን ቀልድ ሆኖ፣ ከጸሎት በተነሣ አፍ ይሰማ ነበር።

* * *

ከዚህ የጨለማ ታሪክ መካከል ሁለት ልጆችን ላሳያችሁ። አንደኛው በኢሉባቦር ሁሩሙ የተወለደ ሂካ የሚባል ልጅ ነው፤ በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው። አራት ዓመት ገደማ ሲሆነው ከእናቱ ተሰረቀ፤ ከእጅ ወደ እጅ ተሽጦ ምጽዋ ደረሰ። በ1870 እ.ኤ.አ. እዚያ ነፃ ወጥቶ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባ፤ በ1872 ተጠመቀና ኦኔሲሞስ ተባለ። ያን ስም ማን እንደያዘው የመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ ያውቃል። ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው ደብዳቤ ውስጥ ያለው ባሪያ ነው። ወደዚህ ደብዳቤ ኋላ እንመለሳለን።

ኦኔሲሞስ ስዊድን ተምሮ ከተመለሰ በኋላ በ1881 ከባልደረቦቹ ጋር ወደ ትውልድ አገሩ ለመግባት ተነሣ። በደጋው በኩል መንገዱ ለሚሲዮን ዝግ ስለነበር በሱዳን ዞሩ። የደረሱትም እስከ አሶሳ ነው። እዚያ በሽታ ጣላቸው፤ ተመልሰው በሚያዝያ 1882 ካርቱም ገቡ፤ የማህዲ አመፅ የተቀጣጠለበት ጊዜ ነበር። እኔን የሚይዘኝ አንድ ሐሳብ ነው። በሕፃንነቱ የተሸጠ ሰው፣ ለመቶ ዓመታት ሰው ሲሸጥበት በኖረው መንገድ ላይ ተገላቢጦሽ እየተጓዘ፣ መጽሐፍ ይዞ ወደ እናቱ ቋንቋ ሲመለስ አሶሳ ላይ ወደቀ። ራስ መኮንን ከመድረሳቸው 16 ዓመት ያህል በፊት ነው።

ሁለተኛዋ አስቴር ጋኖ ናት። እሷም ተሰርቃ የተሸጠች፣ በ1886 ወደ ዓረብ አገር ሊወስዳት ከነበረ መርከብ የተረፈች ልጅ ናት፤ ምጽዋ አጠገብ ባለው የእምኩሉ ትምህርት ቤት አደገች። ልጅቷ በእናቷ ቤት የሰማቻቸውን ተረቶች፣ እንቆቅልሾች፣ ምሳሌዎችና ዘፈኖች ከአእምሮዋ እያወጣች ጻፈች፤ አምስት መቶ ያህል ናቸው። ከእነሱ ከፊሉ በ1894 በኦሮምኛ የማንበቢያ መጽሐፍ ውስጥ ታተመ። ኦኔሲሞስም በእሷ እርዳታ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጉሞ በ1899 አሳተመ። በ1904 ነቀምት ገብተው አስተማሩ።

ወላጆች ሆይ፣ ይህን ቆም ብላችሁ አስቡት። አንዲት ልጅ ከቤቷ ተነጥቃ፣ ተሸጣ፣ ባሕር ዳር ደርሳ፣ ቋንቋዋን በማይናገሩ ሰዎች መካከል አድጋ፣ እናቷ የነገረቻት ተረት ግን አልጠፋም። ቤት የተከለውን ባሪያ ፈንጋይ እንኳ ሊነቅለው አልቻለም። እኛ ዛሬ ስልክ ነቀለብን የምንለውስ? ምናልባት መጀመሪያውኑ የተተከለው ነገር እኛ የመሰለን ነገር አልነበረ ይሆን?

* * *

ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። በ1977 እና 78 ዓ.ም. ደርግ በድርቅ ከተጎዱት የወሎ፣ የትግራይና የሌሎችም አካባቢዎች ሕዝብ 600 ሺህ ያህሉን ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አሠፈረ። በአውቶቡስ፣ በጭነት መኪናና በአንቶኖቭ ተጭነው ከወረዱባቸው ቦታዎች መካከል አሶሳና መተከል ይገኙበታል። መንደሮቹ ስም እንኳ አልነበራቸውም፤ ቁጥር ነበራቸው። አሶሳ ላይ አምባ 1፣ አምባ 2፤ ፓዌ ላይ መንደር 7፣ መንደር 14። የተተከሉበት መሬት ደግሞ ባዶ አልነበረም፤ የበርታና የጉሙዝ መሬት ነበር። የአዳኙ ልጅና የታዳኙ ልጅ፣ ሁለቱም ሳይጠየቁ፣ ጎረቤት ሆኑ።

ዘመኑ ለሃይማኖት ደግ አልነበረም። በ1971 ዓ.ም. ክረምት ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስና የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ተገድለዋል። በጥር 1974 ዓ.ም. መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ስትዘጋ አምስት ሺህ ያህል አባላት ነበሯት፤ በየሳሎኑና በየጓዳው ተደብቃ ቆይታ በ1983 ዓ.ም. ስትወጣ ከ30 ሺህ በልጣ ነበር። አደባባዩ ሲዘጋ ቤት መሥራት እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር ምን አለ? ልጆቹም ያውቁ ነበር፤ አባትና እናት በዝቅተኛ ድምፅ የሚዘምሩት ሊያስከፍላቸው የሚችል ነገር መሆኑን ያዩ ነበር። ዋጋ የሚከፈልበትን ነገር ልጅ ይንቀዋል ማለት ዘበት ነው።

ዩኒቨርሲቲ ድርሰት ሳስተምር ተማሪዎቼን «አያቴ» በሚል ርእስ አጽፋቸው ነበር። ከአሶሳ አምባዎች ከአንዱ የመጣ ልጅ የጻፈው እስካሁን አልጠፋኝም። አያቱ ከወሎ የመጡ ሠፋሪ ናቸው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በቅርብ ቤተ ክርስቲያን ስላልነበረ እሑድ እሑድ ሳይነጋ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው ደጅ ወጥተው ይሰግዱ ነበር። ይህ ደስ ይላል፤ ግን ብዙ አያቶች ያደርጉታል። የገረመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ልጁ ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነው ውሃ ከሚቀዱበት ቦታ አንድ ስድብ ይዞ መጣ። በበርታ ጎረቤታቸው ልጅ ላይ ያንን የአዳኝ ቃል ወረወረው። አያቱ ሰሙ። አልመቱትም። እራት ሲቀርብ ግን የእሱ ድርሻ ተከድኖ ተቀመጠ፤ ጎረቤት ሄዶ ይቅርታ ጠይቆ እስኪመለስ ድረስ አይበላም ተባለ። እያለቀሰ ሄደ። የጎረቤቲቱ ልጅ ተከትሎት መጣና አያቱ ሁለቱን በአንድ ትሪ አበሏቸው። ተማሪዬ ድርሰቱን የዘጋው ጾም ምን እንደሆነ የገባው በዚያች ሌሊት መሆኑን በመጻፍ ነው።

እኔ ይህን ድርሰት ካነበብሁ ወዲህ «ሃይማኖትን ለልጅ ማውረስ» ሲባል የሚታየኝ ያ የተከደነ እራት ነው።

ወሎዬዎቹ ሌላም ያመጡት ሀብት ነበር። ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ መንደር፣ አንዳንዴም በአንድ ዘር ውስጥ፣ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ክርስቲያኑ ሲደግስ ለሙስሊም ጎረቤቱ በጉን ያስረክባል፤ እሱ በራሱ ሥርዓት አርዶ፣ በተለየ ድስት ተሠርቶ ይበላል። ሙስሊሙም ሲደግስ እንዲሁ። ይህን እያየ የሚያድግ ልጅ የራሱን ሃይማኖት ድንበርም የጎረቤቱን ክብርም በአንድ ድግስ ይማራል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ784 ሺህ የክልሉ ነዋሪ 45 በመቶው ሙስሊም፣ 33 በመቶው ኦርቶዶክስ፣ 13 ተኩል በመቶ ያህሉ ፕሮቴስታንት፣ 7 በመቶው የባህል እምነት ተከታይ ነበር። እንዲህ ባለ ምድር የወሎው ድግስ ትልቅ ትምህርት ነው።

ሆኖም ሁሉም ጓዳ የዚያች አያት ጓዳ አልነበረም። ያ ቃልም አብሮ በመኪና ተጭኖ ሄዷል። ሌላው ወገንም ለደገኛው የራሱን የጥላቻ ቃል ለልጆቹ አቆይቷል። የመሬቱ፣ የሥልጣኑና የፖለቲካው ምክንያት እንዳለ ሆኖ፣ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በመተከልና በካማሺ የፈሰሰውን ደም እናውቃለን። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ በኩጂ በተባለች ቀበሌ በአንድ ቀን ከ200 በላይ ሰዎች መገደላቸውን የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አስታውቋል። ማን ከማን ይበልጥ በደለ የሚለውን ለፍርድ ቤትና ለታሪክ ልተወው። እኔ የምለው ይህን ብቻ ነው፤ ጎረቤቱን ለመግደል የሚነሣ ሰው ጎረቤቱ ሰው እንዳልሆነ አስቀድሞ የሆነ ቦታ ተምሯል። ብዙ ጊዜ ያ የሆነ ቦታ ቤት ነው።

ደግነቱ ያው ምድር ሌላም ትምህርት አለው። በመተከል፣ በወምበራ አካባቢ፣ «ሐርማ ሆዳ» የሚባል የኦሮሞዎች ሥርዓት ይታወቃል፤ ጡት መጥባት ማለት ነው። ባዕዱ ሰው በዚያ ሥርዓት የቤቱ ልጅ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ደሙን ማፍሰስ የወንድምን ደም ማፍሰስ ነው። የደጋው አማራም «የጡት ልጅ» የሚለውን ነገር ያውቀዋል። «ልጅ በጡት፣ እህል በጥቅምት» ስንል ስለ ወተቱ ብቻ የምናወራ ይመስለናል። ቤት ባዕድን ባሪያ ማድረግ ይችላል፤ ቤት ባዕድን ልጅ ማድረግም ይችላል። ሁለቱም ሲደረጉ የቤቱ ልጆች ቆመው እያዩ ነው።

* * *

«ይህ ሁሉ ጨዋነት እንጂ ሃይማኖት አይደለም» የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ምንም የማያምን ሰውም ሎሌውን በደግነት ሊይዝ ይችላል፤ ሃይማኖት ጸሎት አለው፣ ምሥጢር አለው፣ ትምህርት አለው ይለኛል። እውነቱን ነው። ጸሎት የማይሰማበት ቤት ጸሎትን አያወርስም፤ ልጅ ያልተነገረውን አምላክ ከአየር አይቀዳም። ያች አያት እራቱን ብቻ ሳይሆን ስግደቱንም አሳይተዋል፤ ስግደቱ ባይኖር እራቱ ተራ ቅጣት ይሆን ነበር። እኔ የምለው እራቱ ባይኖርስ ነው። ስግደቱ ብቻውን ቢቀር ልጁ የሚወርሰው ምንድን ነው? አያቱ ሲሞቱ አብሮ የሚቀበር ልማድ ነው። በየልቅሶ ቤቱ «ልጆቹ አልያዙልንም» የምንለው ምናልባት ይህኑ ነው። ልጆቹ ልማዱን ጥለው ሊሆን ይችላል፤ እምነቱን ግን መቼ አገኙትና ይጥሉታል?

አሁን ጓዳችን ውስጥ ማን አለ? ባርነት ከቀረ ቆይቷል። ነገር ግን በከተማው ስንቱ ቤት ከገጠር የመጣች፣ አሥራ አራት ወይም አሥራ አምስት ዓመት የሚሆናት፣ ልጆቻችንን የምታዝል ልጅ አለች። እሑድ ጠዋት ቤተሰቡ ነጠላውን ለብሶ ወይም መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቱ ይዞ ሲወጣ ቤት የምትቀረው እሷ ናት። በጾም ከእኛ ጋር ትጾማለች፤ ሲፈሰክ ከእኛ በኋላ ትበላለች። ከማዕድ በፊት ቆመን ስንጸልይ በር ላይ ቆማ «አሜን» ትላለች፤ ማዕዱ ላይ ግን አትቀመጥም። እሷን የምንጠራበት ድምፅና እግዚአብሔርን የምንጠራበት ድምፅ ምን ያህል እንደሚራራቁ ለልጃችን ማስረዳት አያስፈልገንም፤ በየቀኑ ይሰማዋል። የአምስት ዓመቱ ልጅ «አንቺ፣ ውሃ!» ብሎ ሲያዛት እንስቃለን። ከየት ተማረው እንላለን። ከየት ይማረዋል?

ስለዚህ ልጃቸው ሃይማኖት እንዲይዝላቸው ለሚጨነቁ ወላጆች የምመክረው ትንሽ ነገር ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት ይሂድ፣ መዝሙሩን ያጥና፣ ጸሎቱን አብራችሁት ጸልዩ። ከዚያ አንድ ወንበር ጨምሩ። ያች ልጅ ከእናንተ ጋር ትብላ፤ እሑድ ተራ ግቡና እሷም ታስቀድስ፤ ሙስሊም ከሆነች ዓርቧና ጾሟ ይከበርላት። አንድን ሕዝብ የሚያዋርድ ቃል ከቤታችሁ አፍ ሲወጣ፣ ያ አፍ የአያትም ቢሆን የአጎትም፣ በልጁ ፊት ይቁም። ልጁ በሳቅ ያለፈውን ከጸሎቱ እኩል ያስታውሰዋልና።

ወደዚያች ደብዳቤ ልመለስ። ወደ ፊልሞና የተጻፈችው መልእክት ከጳውሎስ መልእክቶች ሁሉ አጭሯ ናት። የተላከችው ለፊልሞና፣ ለአፍብያ፣ ለአርክጳና በፊልሞና ቤት ለምትሰበሰበው ቤተ ክርስቲያን ነው። ለአንድ ቤተሰብ የተጻፈች ናት። በዚያ ቤት ጓዳ ውስጥ ልጆች ነበሩ ይሆናል። እና ለዚህ ክርስቲያን ቤተሰብ ጳውሎስ የጻፈው ስለ ልጆች ትምህርት አይደለም፣ ስለ ጾም አይደለም፤ ከቤቱ ስለ ሄደው ባሪያ ነው። ከእንግዲህ እንደ ወንድም ተቀበለው ይለዋል።

ፊልሞና ምን አደረገ? ደብዳቤው ይህን አይነግረንም። ኦኔሲሞስ ደጃፉን ሲያንኳኳ የፊልሞና ልጆች ከአባታቸው ኋላ ቆመው ሲያዩ ይታየኛል። በዚያች ቅጽበት አባታቸው ያደረገው ነገር፣ ምንም ይሁን ምን፣ ሃይማኖታቸው ሆነ።